በድረ ገጹ ላይ ማን ይቅደም

ባሌን ከዲንሾ እስከ ብድሬ ብትዞሩ፣ ለድረ ገጽ የሚሆን ሥርዓት በመምረጥ እኔን የሚያክል ሰው አታገኙም። አንድ ማኪያቶ ሳይቀዘቅዝ መርጬ፣ ለምን እንደመረጥኩት አስረድቼ፣ የአረፋውን ቅሪት በማንኪያ ልሼ እነሣለሁ። ይህንኑ ባለፈው ሳምንት ለሐያት ነገርኳት። ሐያት ሮቤ ያለችውን ጠባብ ቢሮዬን የምትጋራኝ ባለሙያ ናት፤ ዕድሜዋ የእኔ ግማሽ ነው፣ ሥራዋ ግን የእኔ እጥፍ። አንገቱ ከተማ ያሉ የማርና የቡና ነጋዴዎች ድረ ገጽ ሥሪልን ብለዋት፣ በየትኛው የይዘት ማስተዳደሪያ ልሥራው እያለች ስትጨነቅ ነበር የሰነበተችው።

የይዘት ማስተዳደሪያ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ድረ ገጹን ሠርታችሁ ካስረከባችሁ በኋላ ባለቤቱ እናንተን ሳይጠራ ጽሑፉንና ፎቶውን ራሱ እንዲለዋውጥ የሚያስችለው ፕሮግራም ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ሁሉም ነፃ ነኝ ይላል፣ ሁሉም ቀላል ነኝ ይላል፤ አንዱን ይዛችሁ ከገባችሁ በኋላ ልቀይር ማለት ግን ቤቱ ውስጥ ሰው እያደረ መሠረቱን ለማውጣት እንደመሞከር ነው።

"ጋሼ ከድር፣" አለችኝ ሐያት፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ፤ "የመጀመሪያውንም እንዲህ በአንድ ማኪያቶ ነው የመረጡት?"

ማኪያቶዬን አንሥቼ ጠጣሁ። ቀዝቅዞ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ለመምረጥ ክረምቱ አልፎ ስንዴው እስኪያሸት ድረስ ነው የፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። በመካከሉም የገዛ አጎቴን ከወንበሩ ላይ ልገለብጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ያኔ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ኮምፒውተር ተምሬ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዤ ወደ ሮቤ ተመለስኩ። ላፕቶፑ የደለበ ሙክት ያክል ይመዝናል፤ ሲሞቅ ደግሞ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው። ኢንተርኔቱንስ ምን ልበላችሁ። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ እስኪከፈት ሻይ ትጠጣላችሁ፤ ፎቶ ካለበት ምሳችሁን በልታችሁ እጃችሁን ትታጠባላችሁ፤ ፎቶው ትልቅ ከሆነ ሲናና ወረዳ የተዘራው ገብስ ታጭዶ ይወቃል። እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ "ዌብ ዲዛይነር" የሚል ጽሑፍ በሬ ላይ ለጠፍኩ። ሰው ቆም ብሎ ያነበዋል፤ ከዚያ ገብቶ ፎቶ ኮፒ አድርግልኝ ይለኛል።

አጎቴ ኦቦ ቃሲም ጎባ ነው የሚኖረው። እንግዶችን በፈረስ ወደ ሳነቴ አምባ የሚያወጡ ባለፈረሶችና መንገድ መሪዎች ማኅበር ነበራቸው፤ እሱ ሊቀ መንበር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ዝቅ ባደረገ ቁጥር ሰው ጆሮውን ያቀናል። የማኅበሩ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ተራ። እንግዳ ሲመጣ ተራው የደረሰ ይወስደዋል፤ ከተራራ ሲመለስ ሰልፉ ጭራ ላይ ይሆናል። ተራው የትም አልተጻፈም፤ ያለው አጎቴ ራስ ውስጥ ነው። ከእሱ በፊት ባለፈረሶቹ እንግዳውን ከመኪና ሳይወርድ አንዱ በቀኝ እጁ ሌላው በግራ እጁ እየጎተቱ፣ አለንጋ እስከመማዘዝ ይደርሱ ነበር ይባላል። አንዱ እንግዳ ሁለት ጓንቱን በሁለት ሰው እጅ ላይ ጥሎ ሸሸ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይህን እኔ አልጨመርኩም፣ እንዲሁ ነው የሰማሁት።

ከአባላቱ ጥቂቶቹ ዌብሳይት ያስፈልገናል አሉ። ኦቦ ሁሴን የሚባል፣ ከአጎቴ ጋር አብሮ ያደገና ዕድሜውን ሙሉ አብሮ ሲከራከር የኖረ ባለፈረስ፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይምጣ አለ። አጎቴ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ይሠራዋል አለ። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ፣ አጎቴ በጉባኤው ፊት አንድ ቃል ከአፉ አወጣ፦ "ልጁ ያበላሸ እንደሆነ፣ ይህን ወንበር ውሰደው።" በእኛ አገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ስብሰባ በምርቃት ተከፍቶ የተነገረ ቃል ተመልሶ አይዋጥም። ይህን ሁሉ የሰማሁት በስልክ ነው።

"ኢልማ ኮ፣ ተናግሬያለሁ፣" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው።

"ምን ብለው?"

"ልጄ ይችላል ብዬ።"

"አጎቴ፣ እኔ እኮ እስካሁን አንድም ሠርቼ አላውቅም።"

"እሱን አልተናገርኩም።"

ምርጫው እንግዲህ ከዚህ ጀመረ። በዘመኑ ስማቸው ከሚጠራ ማስተዳደሪያዎች ውስጥ ሁለቱን ለይቼ፣ ሦስተኛ ደግሞ ራሴ ከባዶ የምጽፈውን አሰብኩ። ለራሴ እንዲገባኝ ስም አወጣሁላቸው። አንዱ ሁሉን የሚችል፣ ግን ለመንዳት ልዩ መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነበር፤ "ተሳቢ" አልኩት። ሌላው ቀላልና ቶሎ የሚነሣ፣ መጀመሪያ ለዜናና ለማስታወሻ መጻፊያ የተፈጠረ ነበር፤ "ባጃጅ" አልኩት። በእጄ የምጽፈውን "ጋሪ" አልኩት፤ ከእኔ በቀር የሚነዳው ስለሌለ።

የመረጥኩት ተሳቢውን ነው። ለምን ብትሉኝ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ይጠቀሙበታል የሚል አንብቤ ነበር። ለአንድ የፈረስ ማኅበር ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ክረምቱን ሙሉ ከዝናቡ ጋር ተወራርጄ ሠራሁት። መስከረም ሲጠባ ጎባ ሄጄ ለገነት ላሳያት ተቀመጥኩ። ገነት የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ የጎባ ልጅ፣ ጣቷም ምላሷም ፈጣን። ድረ ገጹን ከእኔ በኋላ የምትይዘው እሷ ነበረች።

"ይሄን ስጫነውስ?" አለችኝ።

"እሱን አትንኪው።"

"ይሄንንስ?"

"እሱን በፍጹም።"

"እሺ፣ የምነካው የቱን ነው?"

ፈልጌ ፈልጌ አንድ ቁልፍ አገኘሁላት። ተጫነችው፤ ገጹ በሙሉ ነጭ ሆነ። የጎባ ጉም ሳነቴን ሲሸፍነው እንኳ እንደዚያ አይነጣም።

"ከድር፣" አለች፣ እጇን ከኪቦርዱ ላይ በጥንቃቄ አንሥታ፤ "ፈረስ አምጣ ስንልህ ባቡር ጎትተህ መጣህ።"

ተሳቢው በዚሁ ቆመ። ክረምት ሙሉ የደከምኩበትን ጥዬ ወደ ባጃጁ ዞርኩ። ባጃጁ ግን፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ደስ የሚል ነገር ነበር። ገነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመደችው። ጽሑፍ ታስገባለች፣ ፎቶ ትሰቅላለች፣ ትሳሳትና ራሷ ታርማለች፤ እኔን የምትጠራኝ ሻይ ሲፈላ ብቻ ሆነ። አጎቴም ተደስቶ ቤቱ ጭኮ ጋበዘኝ። ጭኮን የማታውቁት ካላችሁ አዝንላችኋለሁ፦ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም በተነጠረ ቅቤ ለውሰው፣ በማንኪያ ሲነካ የሚፈርስ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ራሱን የሚሰበስብ ምግብ ነው። ሁለት ማንኪያ የበላ ሰው እስከ ማግስቱ አይራብም። እኔ የበላሁት እስካሁን ድረስ ያላለቀ ይመስለኛል። አጎቴ እያየኝ "በል ብላ፣ አኮራኸኝ፣" አለ። ጎርሼ "አልሐምዱሊላህ" ስል ከልቤ ነበር።

ገነት ታዲያ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ገጽ አዘጋጀች፤ ስሙ፣ የፈረሱ ስም፣ ሁለቱ አብረው የተነሡት ፎቶ። ሥርዓት ያላት ልጅ ስለሆነች በዕድሜ ጀመረች። መጀመሪያ አጎቴን፣ ቀጥሎ ኦቦ ሁሴንን፣ እንዲህ እያለች ወርዳ መጨረሻ ላይ ሱልጣንን አስገባች። ሱልጣን ከገባ ገና ዓመቱ የሆነ ጎረምሳ ነበር፤ ፈረሱም ዳገት ሲያይ ቆሞ የሚያስብ አንድ ቀይ ዳማ ነበር።

ባጃጁ ግን ለዜና የተፈጠረ ነው ብያችኋለሁ። ዜና ደግሞ ትኩሱ ነው የሚቀድመው። መጨረሻ የገባው አናት ላይ ወጣ፤ መጀመሪያ የገባው እታች ወረደ። የማኅበሩን ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ሁሉ ከነዳማው ፈገግ ብሎ የሚቀበለው ሱልጣን ሆነ፤ አጎቴና ኦቦ ሁሴን ከገጹ ግርጌ ነበሩ፤ እዚያ ድረስ ለመድረስ በዚያ ኢንተርኔት ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ስንቅም ያስፈልጋል። እኔ አይቼው ነበር። ያየሁት ግን ቀለሙን ነው። አረንጓዴው ከቢጫው ጋር ሰምሯል ብዬ ወደ ሮቤዬ ተመለስኩ።

ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ሲደርቅ እንግዶች መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሱልጣንን እፈልጋለሁ አለ። ሁለተኛውም ሱልጣንን። ሦስተኛው ሱልጣንንና ያን ሐሳበኛ ፈረስ አለ።

አንድ ጠዋት ኦቦ ሁሴን ሮቤ ድረስ መጣ። አለንጋው እጁ ላይ ነው። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ።

"አካም ጅርታ፣ ከድር? ነጋ?"

"ነጋ፣ ኦቦ ሁሴን፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ?"

"ነጋ። ወራ ነጋ፣ ቤተሰቡ ሰላም ነው? አባትህ ደኅና ነው? እናትህ ያ ወገቧ እንዴት ሆነላት? ከብቱስ? አዝመራው እንዴት ነው ዘንድሮ፣ ዋግ አልነካውም?"

በእኛ ዘንድ ሰው ቤት ሊያቃጥል የመጣ እንኳ ሰላምታውን ሳይጨርስ ክብሪት አይጭርም። ስለ አዝመራው መለስኩ፣ ስለ እናቴ ወገብ መለስኩ፣ ስለሌለን ላም ሳይቀር መለስኩ። ከዚያ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፦

"ተራ የሚሰርቅ ማሽን ሠርተሃል አሉ፣" አለኝ።

አስረዳሁት። ማሽኑ ክፋት የለበትም፣ አዲስ ነገር ስለሚወድ ነው አልኩት። አለንጋውን ሳይ ጊዜ ደግሞ አፌ ሳያማክረኝ ቀጠለ፦ "ገጹ በአዲስ ፎቶ ከታደሰ እኮ የእርስዎም ወደ ላይ ይወጣል።" እውነቴን ነው፤ እንደዚያ አድርጌ ነበር ያሰናዳሁት፣ ድረ ገጹ ትኩስ እንዲመስል ብዬ። ኦቦ ሁሴን ጥቂት አሰበ። አመሰገነኝ። አለንጋውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሄደ። እኔም እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። ያን እፎይታ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የቸኮለ ነበር።

በማግስቱ ገነት ደወለች።

"ከድር፣ ና።"

"ምን ሆነ?"

"ፈረሶች ተሰልፈዋል።"

"የት?"

"እኔ ጋ።"

ሚኒባስ ያዝኩ። ከሮቤ ጎባ ያለው መንገድ በዚያ ወራት ከሁለት ወገን ስንዴ ነው፤ ነፋሱ ሲመጣ ሜዳው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ መልሶ ይቀናል። ሌላ ጊዜ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነው የማየው። ያን ቀን ያየሁት የአጎቴን ወንበር ብቻ ነው፤ ያቺ ሦስት እግሯ ጠንካራ፣ አራተኛው በድንጋይ የተደገፈ የእንጨት ወንበር።

ጎባ ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጆሮዎች፣ ቀጥሎ ጋማዎች ብቅ አሉ። የማኅበሩ ፈረስ በሙሉ በቢሮው ግንብ ሥር ተሰልፏል። ታጥበዋል፣ ተበጥረዋል፤ ጥቁሩ ጉራች፣ ነጩ አምባላይ፣ ግንባረ ነጩ ቦራ፣ ልጓማቸው ላይ ቀይ ጥለት ታስሮላቸዋል። ባለቤቶቹም የዒድና የፋሲካ ኮታቸውን ለብሰዋል። ኦቦ ሁሴን ከነጉራቹ በሩ አጠገብ፣ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሱልጣን ከነዳማው ሌላው ጫፍ ላይ። ሁሉም አዲስ ፎቶ ሊነሣ፣ ገጹን ሊያሳድስ መጥቶ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ተራ ይዘዋል።

የገረመኝ ግን ሰልፉ አይደለም። በሩ ክፍት ነው፣ ገነት ውስጥ ተቀምጣለች፣ የሚገባ ሰው የለም።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። መጀመሪያ ተሻምተው ነው የተሰለፉት። ከዚያ ሱልጣን፣ ከቅንነቱ፣ መጨረሻ የታደሰው ነው አናት ላይ የሚወጣው ብሎ አስረዳቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁሉም ጨዋ ሆነ።

"ግባ፣ ኦቦ ሁሴን፣ አንተ ነህ የቀደምከው፣" ይላል ከኋላው ያለው።

"ኧረ አንተ ግባ። ጉንፋን ይዞሃል፣ ብርድ ላይ አትቁም።"

"ወላሂ አልገባም፣ ታላቅ እያለ።"

"ታላቅ ፈቀደልህ እኮ፣ ግባ።"

"በሞቴ አንተ ግባ።"

እንዲህ ያለ ትሕትና በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። መላው ሰልፍ እርስ በርሱ ይለማመጣል፤ አንድ ሰው ግን አንዲት እርምጃ አይራመድም። ፈረሶቹ ራሳቸው ሰልችቷቸው የአንዱ ጭንቅላት የሌላው ጀርባ ላይ ተጋድሟል። እኔ ቦታው ይታየኝ ብዬ ከመንገዱ ማዶ ባለው የመጋዘን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ሳቄ መጣ። ለሮቤ ጓደኞቼ አሳያቸዋለሁ ብዬ ካሜራዬን አወጣሁና አነሣሁት። ጉሙ ያን ጊዜ ተገልጦ፣ የጠዋት ፀሐይ የፈረሶቹ ጀርባ ላይ ወድቃ ነበር። አጎቴም በዚያች ቅጽበት ሰዎቹን እየለመነ በሰልፉ መካከል፣ በሁለት ፈረሶች አንገት መሃል ቆሞ ነበር።

ስወርድ አጎቴ ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጠዋት ሁለት እንግዳ መጥተው ነበር፣ ኢልማ ኮ። ሻንጣቸውን ይዘው እዚህ ቆሙ። ተራው የአብዶ ነው ብል፣ አብዶ ቦታዬን አልለቅም አለ። የሚቀጥለውን ብጠራ እሱም አልለቅም አለ። በመኪና ወደ ዲንሾ ሄዱ። እኔ ተራ መጠበቅ ከያዝኩ ጀምሮ እንግዳ ከደጃችን ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጎቴ።"

"ቃሉ ግን የኔ ነው። ነገ ጁምዓ ነው፤ ከሰላት በኋላ እንሰበሰባለን። እነሣለሁ።"

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ገነት ጋ ገብቼ ተቀመጥኩና ጋሪውን እጽፋለሁ አልኳት፤ ተራውን ራሱ የሚያውቅ፣ ከተራራ የተመለሰውን ወደ ጭራ የሚያወርድ፣ የራሴን ማስተዳደሪያ። ጣቶቼን ማፍታታት ጀምሬ ነበር። ገነት ጥቂት ታገሠችኝና ጠየቀች፦ አብዶ ሚስቱ ስትወልድ አጎትህ ከተራው ቀድሞ ሰጥቶት ነበር፣ ይህንንስ ያውቀዋል? ፈረሱ ሲያነክስ ቦታው ለሚጠበቅለትስ? ሐዘን ተቀምጦ ሳምንት ለቀረውስ? ጣቶቼን ሰበሰብኩ። ይህ ሁሉ እስከ ጁምዓ ቀርቶ እስከሚቀጥለው ዒድ የሚጻፍ አልነበረም።

"ተራው እኮ ከአጎትህ ራስ ውስጥ በደኅና ተቀምጦ ነበር፣" አለች። "ማን አውጣው አለህ?"

እንግዲያው ያደረግኩት የጀግና ሥራ አይደለም፤ የሰነፍ ሥራ ነው። ባጃጁን አልቀየርኩም። የአባላቱን ገጽ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ፊቱ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ማቅረብ ደግሞ ያሳፍራል። በእጄ የነበረው ምስል ያ ለቀልድ ያነሣሁት ብቻ ስለነበር፣ ለጊዜው ብዬ ጠዋት የቆሙትን ፈረሶች በሙሉ በአንድ ፎቶ ፊት ለፊት ሰቀልኩ፤ ከሥሩ የማኅበሩን ስልክ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ለገነት የዜና ቦታ ተውኩላት፤ መንገዱ ደረቀ፣ ሳነቴ ላይ በረዶ ጣለ የምትልበት። ዜና ትኩሱ ቢቀድም የሚቀየም የለም።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ላፕቶፔን አንድ የገብስ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከወትሮው የባሰ ጮኸ። ስብሰባው በምርቃት ተከፈተ። አጎቴ ወንበሩ ላይ ነው፣ ግን ጫፏ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው።

ኦቦ ሁሴን ቀድሞ ተነሥቶ መጣ። መነጽሩን አወጣ፣ ጠረገ፣ አደረገ። ፎቶውን አየ። ኦቦ ሁሴን ማንበብ የተማረው ቁርኣን ቤት ነው፤ ጣቱን ከቀኝ ጀመረ። በቀኝ ጫፍ፣ በሩ አጠገብ፣ እሱና ጉራቹ ነበሩ። ጣቱ እዚያው ቀረ።

"እኔ ነኝ፣" አለ። መነጽሩን አውልቆ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሱልጣን ቀጠለ። ሱልጣን የተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ከግራ ጀመረ። ከግራ የመጀመሪያዎቹ እሱና ዳማው ነበሩ። ደነገጠ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በዓይኔ፣ በቅንድቤ፣ ባለኝ ነገር ሁሉ ዝም በል አልኩት። አስተዋይ ልጅ ነው፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ "ጥሩ ፎቶ ነው" ብሎ ሄደ።

ሌሎቹም እየመጡ አዩ። ለቀኙ የቀረበ ከቀኝ ቆጠረ፣ ለግራው የቀረበ ከግራ ቆጠረ። መካከል የነበሩትስ ብትሉ፣ አንዱ ሽማግሌ በጣቱ አጎቴን አሳየና "በጉባኤ ታላቅ መካከል ነው የሚቀመጠው፣ እኛም ከእሱ ግራና ቀኝ ነን" አለ፤ የመካከሎቹ ሁሉ ጀርባቸው ቀና። ማን ነው መጀመሪያ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ያውቀው ነበር።

ኦቦ ሁሴን ግን ኦቦ ሁሴን ነው። ከተቀመጠበት "ተራውስ? ተራው የታል?" አለ።

አጎቴ አመልካች ጣቱን ወደ ግንባሩ ወስዶ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ላፕቶፑ ብቻ ነው የሚጮኸው።

"እንግዲያው ተደላድለህ ተቀመጥ፣" አለ ኦቦ ሁሴን። "ጫፍ ላይ የተንጠለጠልከው ምን ልትሆን ነው? ተራውን የሚሸከም ሌላ ራስ የለንም።"

አጎቴ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ወንበሯ ሲጢጥ አለች። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ዜማ ሰምቼ አላውቅም። እኔም ጆንያው ላይ፣ ከላፕቶፑ ጎን ተቀመጥኩ። ማንም አላየኝም፤ ሁሉም የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ አጎቴን እየጠየቀ ነበር። የአብዶ ነው አላቸው።

ወደ ሮቤ የተመለስኩት በጋሪ ነው፣ የመጨረሻው ሚኒባስ አምልጦኝ። ኋላ ተቀምጬ፣ እግሬን ወደ ውጭ አንጠልጥዬ፣ ስንዴውን እያየሁ። ያን ቀን ስንዴው በሙሉ እኔን ለማስደሰት የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ጋሪ ነጂው ምን ያስቅሃል አለኝ። ምንም አልኩት። እውነትም ምንም አልነበረም፤ ምንም ሳይሆን መቅረቱ ነበር የሚያስቀኝ።

አጎቴ አሁን ሸምግሏል። ወንበሩን ለኦቦ ሁሴን ያስረከበው ራሱ ወድዶ፣ መርቆ ነው፤ ከማስረከቡ በፊት ግን ተራውን ከአጎቴ ራስ ወደ ኦቦ ሁሴን ራስ ለማዛወር ብዙ ሰነበቱ፣ እየተከራከሩ። ድረ ገጹ መልኩ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ማስተዳደሪያው አሁንም የዚያ ባጃጅ ታናሽ ወንድም ነው። ለጊዜው ብዬ የሰቀልኩት ፎቶ ግን ይነሣ ያለ የለም።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ለአንገቱ ሰዎቿ የትኛውን ትምረጥ የሚለውን ግን አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሄደሽ ከእነሱ ጋር ተቀመጪ፣ ማር ሲመጣ የማን ቀድሞ እንደሚመዘን እዪ፣ ማን ቢቀየም ገበያው እንደሚበተን ጠይቂ፤ ከዚያ ማሽኑ የማይነካውን ለይተሽ ስታስቀምጪ፣ የቀረውን የትኛውም ፕሮግራም ይችለዋል አልኳት። እሷም ጥሩ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ የማኅበሩን ድረ ገጽ ከፍታ ፎቶውን አጉልታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ከላይ መነሣቱ እኮ ነው ልዩ ያደረገው፣" አለች። "ፊት ለፊት ቢሆን አንዱ ፈረስ ሌላውን ይጋርደው ነበር። ጣሪያ ላይ ልውጣ ብለው እንዴት አሰቡ?"

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ለአንዱ የጥበብ ዓይን ነው ብያለሁ፤ ለሌላው አዲስ አበባ የተማርኩት ነው ብያለሁ፤ እናንተንም ከላይ ቦታው ይታየኝ ብዬ ነው ብያችኋለሁ። ጉዳዩ እንዲህ ነው። በዚያ ጠዋት ከሚኒባሱ ወርጄ ስጠጋ የኦቦ ሁሴን ጉራች አስነጠሰ፣ ወደ እኔ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጣሪያው ላይ መሆኔን ነው። ባሌ ተወልጄ ያደግኩ፣ አያቴም አጎቴም ፈረሰኛ የሆኑ፣ ከፈረስ ማኅበር ሥራ እንጀራዬን የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ፈረስ እፈራለሁ። ዛሬም እፈራለሁ።